ሳይፈርም ወሬው ቀደመ፦ ልጄ ያልመረጠውን ኮሌጅ "መረጠ" ተባለ

የሯጩ እናት (ሜሪላንድ)፣ ኦክቶበር 6

ሰላም ለቤቱ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ክሮስ ካንትሪ ይሮጣል፤ በትራክ ደግሞ ዋናው ርቀቱ 3,200 ሜትር ነው። 10ኛ ክፍልን በጨረሰ ክረምት፣ ልክ ጁን 15 ቀን፣ የኮሌጅ አሰልጣኞች ቴክስት ማድረግ ጀመሩ። አንዳንዶቹ እስካሁን አሉ። ሌሎቹ ጠፍተዋል።

በቅርቡ አንድ የዲቪዥን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ኮሌጅ ጋብዞት ሄዶ አየ። አሰልጣኙ ቢሮው አስቀምጦ "ቦታ አለህ፣ ከክፍያውም ብዙውን እንሸፍንልሃለን" አለው። ልጄ አመሰገነ። ሌላ ኮሌጅ ለማየት ቀጠሮ እንዳለው፣ ከዚያ በኋላ መልስ እንደሚሰጥ ነግሮት ተመለሰ። እንደ ትልቅ ሰው በመናገሩ ኮራሁበት።

ከዚያ ወሬው ወጣ። በማኅበራችን ቴሌግራም ላይ የልጄ ፎቶ ከኮሌጁ አርማ ጋር ተለጠፈ። "ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለመግባት ወስኗል፣ እንኳን ደስ አላችሁ" ይላል። ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ ሄደ። ቅዳሜ ውድድር ላይ የሌላ ትምህርት ቤት ወላጆች ሳይቀሩ እየመጡ ጨበጡት። ልጁ ምን ብሎ ይመልስ? አንገቱን ደፍቶ ዋለ።

የባሰው ሁለተኛው ኮሌጅ ነው። አሰልጣኙ "ምርጫህን ሰማሁ፣ መልካም ዕድል" ብሎ ጻፈለት። ልጄ "ገና አልመረጥኩም" ብሎ መለሰ። እስካሁን መልስ የለም።

የመጀመሪያው ኮሌጅ ደውዬ "እባካችሁ ገና እንዳልወሰነ በገጻችሁ ላይ አስተካክሉልን" አልኳቸው። "ስለ እሱ በይፋ ምንም ማለት አንችልም" አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። ዝም ሲሉ ወሬው እውነት አይመስልም? ደግሞ "ሕግ ጥሳችኋል፣ ልጁ ሊታገድ ይችላል" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የምታውቁ ንገሩኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ኮምፕላያንስ የሠራሁ (ኦሃዮ)፣ ኦክቶበር 6

እህቴ፣ መጀመሪያ ተኚ። ምንም ሕግ አልጣሳችሁም፣ ልጁንም የሚያግደው የለም።

በአንድ ኮሌጅ ስፖርት ክፍል ውስጥ ሕግ ማስከበር ላይ ሠርቻለሁ። ይህን ጥያቄ ወላጆች ሁልጊዜ ያመጡልን ነበር። የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር) ሕግ በዚህ ጉዳይ የሚያስረው ኮሌጁን ነው። ልጁንና ቤተሰቡን አያስርም። ልጁ ከመፈረሙ በፊት ኮሌጁ በይፋ ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አዎ፣ እየመለመልነው ነው።" ጎበዝ ነው ማለት አይችልም። ለቡድናችን እንዲህ ይጠቅመናል ማለት አይችልም። ሊፈርም ነው ወይም አይፈርምም ማለትም አይችልም። አንቺ የጠየቅሻቸው ማስተካከያ ከዚህ የመጨረሻው ጋር ይጋጫል። "ገና አልወሰነም" ብለው ቢጽፉ ስለ መፈረሙ አስተያየት ሰጡ ይባላል። ስለዚህ ዝምታቸውን በክፋት አትመልከቺው። የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለው ልጁ መሆኑ ግን እኔንም ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። ሕጉ የተጻፈው ኮሌጆች ታዳጊዎችን ለማስታወቂያ እንዳይጠቀሙባቸው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የኮሌጁ አፍ ሲዘጋ የሌላው ሁሉ አፍ ይከፈታል።

የአሰልጣኞችም አፍ እንዲሁ የተያዘ ነው። ከ2016 ጀምሮ ታዳጊው የለጠፈውን ላይክ ማድረግና ማጋራት ይችላሉ። ከሥሩ አንዲት ቃል መጻፍ ግን አይችሉም። ሰዉ ታዲያ ላይኩን እንደ ማኅተም ይቆጥረዋል። አሰልጣኙ የአንድን ልጅ ፎቶ ላይክ ስላደረገ "አለቀ፣ ወሰዱት" ይባላል። አሰልጣኝ በቀን የስንቱን ልጅ ፎቶ ላይክ እንደሚያደርግ ባየሽ!

አሁን ወደ ሥራው። ልጅሽ 12ኛ ክፍል ስለሆነ ኦገስት 1 አልፏል። ከኦገስት 1 በፊት ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ በጽሑፍ መስጠት አይችሉም ነበር። አሁን ይችላሉ። "ያሉኝን በጽሑፍ ላኩልኝ" ብሎ ይጠይቅ። ፊርማው የሚጀመረው ለትራክና ለክሮስ ካንትሪ ዘንድሮ (2025) ኖቬምበር 12 ነው። እስከዚያ የሚባለው ሁሉ የቃል ነው፤ በሁለቱም ወገን ማንንም አያስርም።

ልጅሽ ዛሬ ማታ በራሱ ገጽ ላይ "ገና አልመረጥኩም፣ ስወስን ራሴ እነግራችኋለሁ" ብሎ ቢጽፍ የሚከለክለው ሕግ የለም። ማስተካከል የሚችለው ሰው እሱ ነው።

ዳላስ ጋሼ (ቴክሳስ)፣ ኦክቶበር 6

ልጄ፣ የተናደድሽው ይገባኛል። ግን ያን የለጠፈውን ሰው አትጥይው። ደስ ብሎት ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ መደበቅ እናበዛለን። ቪዛ እንደብቃለን፣ ቤት መግዛት እንደብቃለን፣ እርግዝና እንደብቃለን። ልጆቻችን የወገን ጭብጨባ ሳይሰሙ ያድጋሉ። እኔ በየዓመቱ ጁላይ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ውድድር ስሄድ የማየው ይህንን ነው። ለራሳችን ልጆች ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንኳን ደስ አላችሁ ማለት ያሳፍረናል። ያሬድ ንጉሤ ፓሪስ ላይ በ1,500 ሜትር ነሐስ ሲያገኝ ስንቱ ሰው ነው "የእኛ ልጅ ነው እንዴ?" ብሎ የጠየቀኝ! ሉዊቪል ኬንታኪ ያደገ፣ ኖትር ዳም የተማረ፣ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጅ ነው። ቀድመን ብናውቀው ቀድመን እንጮህለት ነበር።

ትራክ አባት (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፣ ኦክቶበር 7

ጋሼ፣ ጭብጨባውን የሚጠላ የለም። ግን ቪዛው ሳይመታ የሽኝት ድግስ የሚደግስ የለም። ቢደግስም ቪዛው ሲቀር እንግዳው ይረሳዋል። ተሸማቆ የሚኖረው ልጁ ነው።

ልጄ ዲቪዥን 1 ሮጣለች። ስለዚህ "ሙሉ ስኮላርሺፕ" የሚለውን ወሬ አንስቼ ልናገር፣ ምክንያቱም ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያጣላው እሱ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ ኮሌጅ ለወንዶች ክሮስ ካንትሪ፣ የቤት ውስጥ ትራክና የሜዳ ትራክ ሦስቱን አንድ ላይ ቆጥሮ 12.6 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበረው። ለሴቶች 18። ይህ ለሯጩም፣ ለዘላዩም፣ ለወርዋሪውም ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ይቆራርሰዋል። ለአንዱ ሩብ፣ ለአንዱ የመጽሐፍ፣ ለአንዱ ምንም። ሙሉ ያገኘ ልጅ የለም አልልም። ግን በየማኅበሩ የምንሰማው ያህል አይሆንም። ሰው ሙሉ አገኘ ሲባል ይሰማል፣ ከዚያ የሌላው ልጅ አባት "የእኔስ ለምን ሩብ ብቻ?" ብሎ ልጁ ላይ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ቤት አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተቀይሯል። ጁን 2025 ላይ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት የአትሌቶችና የኤንሲኤኤ የፍርድ ቤት ስምምነት ኮሌጆች ለአትሌቶች በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ። ስምምነቱን ተቀብለው የገቡት ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነሳላቸው። በምትኩ የሰው ቁጥር ገደብ መጣ። ክሮስ ካንትሪ 17 ሰው። ትራክ 45 ሰው። በወረቀት ላይ 17ቱንም ሙሉ መክፈል ይቻላል። በተግባር ግን ብዙው ገንዘብ ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ባስኬትቦል ነው የሚሄደው። ለእኛ ልጆች የደረሰው ጠባብ በር ነው። ድሮ "ና፣ ገንዘብ የለንም ግን ከቡድኑ ጋር ትሮጣለህ" ይባል የነበረው ልጅ ዛሬ ቦታ የለውም። አሰልጣኙ ትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ አትሌቶች የሚመዘገቡበት ዝርዝር) ውስጥ ገብቶ የ22 ዓመት ሯጭ ማምጣት ይችላል። ከኬንያም ያመጣል። ይህን ሁሉ የምለው አንዲት እናት የቃል ተስፋ ላይ ምን ያህል መደገፍ እንዳለባት እንድታውቅ ነው። ቃሉን የሰጠው ሰው በቅንነት ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ሲሞላ ግን "ይቅርታ" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በልጄ ጊዜ አሰልጣኟ ቃል ከሰጠን በኋላ ሥራ ለቀቁ። አዲሱ ሰውዬ ስሟንም አያውቅም። የኮሌጁን ስም የለጠፈ ሰው ስላልነበረ በሰላም ወደ ሌላ ዞርን።

ኳስ ብቻ (አትላንታ)፣ ኦክቶበር 7

ትራክ ገና ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። የአሜሪካን ፉትቦሉን ብታዩ!

እዚያ ወሬው ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ሪቫልስ፣ 247ስፖርትስ፣ ኦን3 የሚባሉት ድረ ገጾች በየወሩ ከፍለው የሚያነቧቸው ሰዎች አሏቸው። "ክሪስታል ቦል" የሚባል ነገር አለ፦ ጋዜጠኞች አንድ ልጅ የት እንደሚገባ ይተነብያሉ። ልጁ አፉን ሳይከፍት ሰዉ በትንበያው ይጣላል። አሰልጣኙ ደግሞ ስም መጥራት ስለማይችል አንድ ልጅ በቃል እሺ ሲለው የእሳት ምልክት ወይም የቡድኑን እንስሳ ምስል ብቻ ይለጥፋል። ደጋፊዎች ሌሊቱን ሙሉ "ማን ነው?" እያሉ ይፈታሉ።

ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፣ ሁለቱም በደንብ የታወቁ ናቸው።

በ2008 ኔቫዳ ውስጥ ፈርንሊ በምትባል ከተማ አንድ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ፣ የካል (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ) እና የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ኮፍያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ "ካልን መርጫለሁ" አለ። ተጨበጨበለት። ሁለቱም ኮሌጆች መልምለውት አያውቁም። ኋላ ራሱ ፈጠራ መሆኑን አመነ። ልጁ ላይ መፍረድ አልፈልግም። አንድ ከተማ ሙሉ ከአንድ ታዳጊ ያን ያህል ሲጠብቅ ምን ዓይነት ጫና እንደሚሆን አስቡት።

ሁለተኛው ሮኳን ስሚዝ ነው። በ2015 የፊርማ ቀን በቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት ዩሲኤልኤን መረጥኩ አለ። በዚያው ቀን የዩሲኤልኤ የተከላካይ ክፍል አሰልጣኝ ወደ ፕሮፌሽናሉ ቡድን አትላንታ ፋልከንስ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ደረሰው። ወሬው እውነት ነበር። ስሚዝ ወረቀቱን አልላከም። ከቀናት በኋላ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በቴሌቪዥን የተናገረው አላሰረውም፤ የሚያስረው ወረቀቱ ነበር። ያውም ጆርጂያ ሲገባ በዚያ ዘመን ሁሉም ይፈርመው የነበረውን "ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት" (ልጁን ከኮሌጁ ጋር የሚያስር ደብዳቤ) አልፈረመም። የስኮላርሺፑን ወረቀት ብቻ ፈርሞ ነው የገባው። ለኮሌጁ ሳይሆን ለራሱ በር ክፍት አደረገ። ኋላ የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ትልቅ ተጫዋች ሆነ።

ኮምፕላያንስ የሠራሁ (ኦሃዮ)፣ ኦክቶበር 7

የኳስ ብቻ ሁለተኛ ታሪክ ላይ ልጨምር። ያ ደብዳቤ ዛሬ የለም። ከ1964 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ በኦክቶበር 2024 ቀረ። አሁን ልጁ የሚፈርመው ከኮሌጁ ጋር የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ነው። እሱን ከፈረመ በኋላ ሌሎች ኮሌጆች መመልመላቸውን ማቆም አለባቸው፤ የልጁ ኮሌጅም ያን ጊዜ የፈለገውን ያህል መለከት መንፋት ይችላል። ዛሬም "ሌተር ኦፍ ኢንቴንት ፈረመ" ብላችሁ የምትጽፉ ወላጆች፣ የቆየ ስም ነው የምትጠቀሙት፤ ልጃችሁ ምን እንደፈረመ ወረቀቱን አንብቡ። ስንት ዶላር ነው? ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ቢጎዳ ምን ይሆናል? እነዚህ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፉ በአፍ የተነገሩት አይቆጠሩም።

ስለ ወላጅ ፊርማም አንድ ነገር። በድሮው ደብዳቤ ልጁ ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ አብሮ መፈረም ነበረበት። በ2013 አሌክስ ኮሊንስ የሚባል የፍሎሪዳ ተጫዋች አርካንሳስን መርጦ እናቱ አልፈርምም አሉ። ያ ሁሉ ካሜራ ተሰብስቦ ፊርማው ቀረ። በማግስቱ አባቱ ፈረሙለት። ነፍሱን ይማር፣ በ2023 አርፏል። ይህን የማነሳው ቤት ውስጥ ያልተነጋገሩበት ነገር አደባባይ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ስላሳየኝ ነው።

የሯጩ እናት (ሜሪላንድ)፣ ኦክቶበር 8

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትላንት ማታ ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት።

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ሰውየውን አልጠላሁትም። ደውዬለት በትህትና አንሳልኝ አልኩት፣ አነሳው። ግን ሰዉ ስክሪንሻት አድርጎታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው ነው።

አሁን የጨነቀኝ ሁለተኛው አሰልጣኝ ነው። እኔ ኢሜይል ልጻፍለት? ወሬው ከየት እንደመጣ፣ ማኅበራችን እንዴት እንደሆነ ላስረዳው?

ሁለተኛ ትውልድ (ሲያትል)፣ ኦክቶበር 8

እናቴ፣ እባክሽ አትጻፊ። ልጁ ይደውል።

እኔ ኮሌጅ ሮጬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። አሰልጣኞች የወላጅ ኢሜይል ሲመጣ የሚያስቡትን አውቃለሁ። "ይህ ልጅ አራት ዓመት ከቤቱ ርቆ ራሱን ይችላል?" ነው የሚሉት። በእኛ ባህል እናት ስለ ልጇ መናገሯ ክብር ነው። እነሱ ዘንድ ግን የልጁ ድምፅ ነው የሚፈለገው። ቴክስትም አይበቃም፤ ይደውል። "ኮች፣ የተለጠፈው የእኔ አይደለም፣ የቤተሰብ ወዳጅ ነው የለጠፈው። አልመረጥኩም። የእናንተን ኮሌጅ ማየት እፈልጋለሁ፣ ቀኑ አሁንም አለ?" ይበል። በዚህ ይብቃ። ማኅበሩን ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ ለመጀመሪያውም አሰልጣኝ ይደውል። ያም ሰው ወሬውን አይቷል። "ሳይነግረኝ ለሕዝብ ነገረ" ብሎ ቅር ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ መጣ ብሎ ሌላ ልጅ መፈለጉን ትቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ለልጁ ጥሩ አይደሉም።

አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። እኔ 17 ዓመቴ እያለ የት እንደምገባ ከእኔ በፊት ሰፈሩ ያውቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ "የእነ እንትና ኮሌጅ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ኮሌጁን ስጎበኝ ልቤ አልወደደውም። ግን የሰዉን ደስታ ማፍረስ ፈርቼ ነው የገባሁት ማለት ይቻላል። ሩጫ በሙሉ እድሜህ ከምትሠራቸው ነገሮች ሁሉ ብቻህን የምትሠራው ነው፤ የት እንደምትሮጥ የመናገር መብት ቢያንስ የራስህ መሆን አለበት። ወላጆች ይህን ቦታ ጠብቁላቸው። ልጁ ሲፈርም ራሱ ይለጥፍ፣ ራሱ ፎቶውን ይምረጥ፣ አያቱን ማመስገን ከፈለገ በአማርኛ ይጻፍ። ያን ቀን ጋሼ እንዳሉት ሁላችንም እንጩህ።

ባክአይ (ኮለምበስ)፣ ኦክቶበር 9

ሰላም። እኔ ለአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት በየዓመቱ ገንዘብ እሰጣለሁ፣ የትኬት ባለቤትም ነኝ። በከተማችን ጎበዝ የሐበሻ ሯጭ አለች። ቤተሰቧን ብዙ አላውቃቸውም። "ወደ እኛ ነይ" ብዬ ብጽፍላት ችግር አለው? ለእኔ የማኅበረሰብ ፍቅር ነው።

ኮምፕላያንስ የሠራሁ (ኦሃዮ)፣ ኦክቶበር 9

ወንድሜ፣ እባክህ ተው። አንተ በሕጉ ዓይን "ቡስተር" ነህ። ለኮሌጅ ስፖርት ገንዘብ የሰጠ ሰው ታዳጊን እንድትመጣ ማግባባት አይፈቀድለትም። የሥጋ ዘመድ ወይም ከምልመላው በፊት የነበረ የቆየ ወዳጅነት ቢኖርህ ሌላ ነው፤ ያኔም ኮሌጁ ልኮህ መሆን የለበትም። አንተ ግን ቤተሰቧን አላውቃቸውም ነው ያልከው።

በ2009 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ለባስኬትቦል ተጫዋቹ ጆን ዎል "ጆን ዎል፣ እባክህ ወደ እኛ ና" የሚል የፌስቡክ ግሩፕ ከፈተ። ኮሌጁ ራሱ አቁም የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። ተማሪ ነው እንጂ ሀብታም ደጋፊ እንኳ አልነበረም። ሰዉ በጣም ተቆጣ፣ እኔም ያኔ ከልክ ያለፈ ነው ብዬ ነበር። ዎል በመጨረሻ ኬንታኪ ገባ። ያኔና አሁን ብዙ ነገር ላልቷል፤ ገንዘብ ሰጪ ሰው ለታዳጊ ቀጥታ መጻፉ ግን ዛሬም ኮሌጅህን ችግር ውስጥ ይከትተዋል። ልጅቷን ከወደድካት ውድድሯ ላይ ሄደህ አበርታት።

ኳስ ብቻ (አትላንታ)፣ ኦክቶበር 9

ስለ ገንዘብ ከተነሳ፣ ጄደን ራሻዳን አስታውሱ። ኳርተርባክ (በፉትቦል ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች) ነው። ፍሎሪዳ ሲፈርም 13.85 ሚሊዮን ዶላር ይሰጠዋል ተብሎ በየጋዜጣው ወጣ። ገንዘቡ አልመጣም። ጃንዋሪ 2023 ላይ ኮሌጁ ለቀቀው፤ አሪዞና ስቴት ገባ። በ2024 የፍሎሪዳን አሰልጣኝ ጨምሮ ከሰሳቸው። እዚህ ደረጃ ላይ ጠበቃና ወኪል ያለው ሰው እንኳ በተስፋ ቃል ይጎዳል። የእኛ ወላጅ በአንድ የስልክ ጥሪ ምን ይተማመናል?

ከሱሉልታ (ኢትዮጵያ)፣ ኦክቶበር 10

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ብዙ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ታዳጊ ሯጮችን አሰለጥናለሁ። አንዳንድ ሰዎች እየመጡ "አሜሪካ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ አገኝላችኋለሁ፣ ከስኮላርሺፑ ይህን ያህል ፐርሰንት ትሰጡኛላችሁ" ይላሉ። የልጁን ፎቶ ከአንድ ኮሌጅ ስም ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋሉ። ቤተሰብ በግ ያርዳል። ከዚያ ልጁ ቤት ይቀመጣል። ይህ ሕጋዊ ነው?

ኮምፕላያንስ የሠራሁ (ኦሃዮ)፣ ኦክቶበር 10

ወንድሜ፣ ይህን በመጠየቅህ አመሰግናለሁ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በፐርሰንት የሚሠራ ሰው ልጁን አደጋ ላይ ይጥለዋል። ታዳጊን ከኮሌጅ ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ክፍያ መጠየቅ ይችላል፤ ክፍያው ግን ልጁ ኮሌጅ በመግባቱ ወይም ባገኘው ስኮላርሺፕ መጠን ላይ መመሥረት የለበትም። እንደዚያ ከሆነ ሰውየው ወኪል ይባላል፣ ልጁ የመወዳደር መብቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ ከእህታችን ጉዳይ ይለያል። እዚያ ቤተሰቡን የሚነካው ወሬ ብቻ ነው፤ እዚህ ልጁን ራሱን ሕጉ ይነካዋል።

ወሬውን ለመለየት ቀላል መንገድ አለህ። አሰልጣኙ በኮሌጁ ኢሜይል ከልጁ ጋር በቀጥታ ተጻጽፏል? ልጁ በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ተመዝግቧል? ለዲቪዥን 1 ማዕከሉ 16 ዋና ዋና የሃይስኩል ትምህርቶችን ይቆጥራል፣ አማካይ ውጤቱም ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ትራንስክሪፕቱ ከእንግሊዝኛ ውጭ ከሆነ ትርጉሙ ይያያዛል። ኮሌጁ ራሱስ ተቀብሎታል? ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የኮሌጁ ወረቀት፣ አይ-20፣ ወጥቶለታል? ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር "ኮሌጅ ገባ" የሚል ፎቶ ከተለጠፈ የለጠፈው ሰው ደንበኛ እየፈለገ ነው።

ትክክለኛው መንገድ እንዳለ ግን ልጆቹ ይወቁ። የኤርትራዋ ወይኒ ቀላቲ በታዳጊነቷ አሜሪካ ቀርታ፣ ቨርጂኒያ ሊስበርግ ሃይስኩል ተምራ፣ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ2019 የኮሌጆች ክሮስ ካንትሪ ሻምፒዮን ሆናለች። ሀብቶም ሳሙኤልም ከኤርትራ መጥቶ በዚያው ኮሌጅ በ2024 የ10,000 ሜትር አሸናፊ ሆኗል። መንገዱ ክፍት ነው። ደላላ አያስፈልገውም።

ዳላስ ጋሼ (ቴክሳስ)፣ ኦክቶበር 10

የሱሉልታው ልጅ የጻፈው አሳዘነኝ። በግ አርዶ ልጁ ቤት ሲቀመጥ ማየት ለአባት ከባድ ነው። በዚህ ጉዳይ ሐሳቤን አለዝቤያለሁ። እኛ ማኅበር ውስጥ የወጣቶች ዜና የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከአሁን በኋላ ልጁ ወይም ልጅቷ ራሳቸው ከለጠፉ በኋላ ብቻ ነው የማጋራው። ግን ያኔ ትልቅ አድርጌ ነው የምለጥፈው፤ ይህን አልተውም።

ትራክ አባት (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፣ ኦክቶበር 10

ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው በየማኅበሩ ቢኖር ይህ ክር አይከፈትም ነበር።

የሯጩ እናት (ሜሪላንድ)፣ ኦክቶበር 14

ልጄ ለሁለቱም ደውሏል። በሩን ዘግቶ ነው የደወለው፣ አልሰማሁም። ሁለተኛው አሰልጣኝ የያዘለትን የጉብኝት ቀን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ ነበር። ሌላ ቀን ሊፈልግለት ሞክሮ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ አገኘለት። ቦታ ግን ቃል አልገባለትም። የመጀመሪያው "እስከ ፊርማው ቀን እጠብቅሃለሁ" ብሎታል፣ የገንዘቡንም ቁጥር በጽሑፍ ልኮልናል። ሙሉ አይደለም። ልጄ ቁጥሩን ለማንም እንዳልናገር ጠይቆኛል። ስለዚህ እዚህም አልጽፈውም።

ቲና (ሚኒሶታ)፣ ኦክቶበር 15

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። የእኔ ልጅ እግር ኳስ ትጫወታለች፣ ዲቪዥን 3 ኮሌጅ ነው የምትገባው። ትምህርት ቤቷ ኖቬምበር ላይ የፊርማ ሥነ ሥርዓት ያዘጋጃል። የዲቪዥን 3 ልጆች ይፈርማሉ ወይ? ሰዎች "እሷ ምን ትፈርማለች፣ ስኮላርሺፕ የለውም" ሲሉ ሰምታ አልሄድም አለች።

ኮምፕላያንስ የሠራሁ (ኦሃዮ)፣ ኦክቶበር 15

ቲና፣ ትሂድ! ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፣ እውነት ነው። አይቪ ሊግም (እነ ሃርቫርድና ዬል) አይሰጥም፣ በዚያ ግን ማንም አያፍርም። ለዲቪዥን 3 ልጆች ኤንሲኤኤ የተዘጋጀ የአከባበር ፎርም አለው። ኮሌጁ ከተቀበላት በኋላ ትፈርመዋለች። አያስራትም፣ ገንዘብም የለበትም። ከሌሎቹ ልጆች ጋር እኩል ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። የመቀበያ ደብዳቤው ከኖቬምበር በፊት ካልደረሰ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ በጸደይ ሌላ ቀን እንዲይዝላት ጠይቂው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በጸደይም ያዘጋጃሉ።

ቲና (ሚኒሶታ)፣ ኦክቶበር 15

ነገ ጠዋት እደውልለታለሁ። ደብዳቤው ዲሴምበር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የጸደዩን እጠይቃለሁ።